የግድግዳ ሥዕል፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ስለ መሳልና ስለ መጻፍ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከላሊበላ የጻፋችሁልንን በዚህ እትም አሰባስበናል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል፤ የረዘሙትን አሳጥረናል።

ትናንት ያስገርፍ የነበረው ዛሬ እንዴት ያስመሰግናል?

ጥያቄ፦ በእኛ ልጅነት የሰው ግድግዳ ላይ በከሰል የጫረ ልጅ ሳይገረፍ አያድርም ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ የግንብ አጥር ላይ ሲስሉ የሠፈሩ ሰው አዋጥቶ ቀለም ይገዛላቸዋል። ምን ቢመጣ ነው? (ጡረተኛ፣ ከደሴ ሸዋ በር)

መልስ፦ አባታችን፣ ሳያስፈቅዱ የሰው ግድግዳ ላይ መጫር ዛሬም ያስጠይቃል፤ የሌላን ሰው ንብረት ማበላሸት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። የልጅ ልጆችዎን ያስመሰገናቸው አስፈቅደው መሥራታቸው ነው። ሌላውም ዓለም እዚህ የደረሰው ብዙ ተጣልቶ ነው።

ዛሬ ግራፊቲ የምንለው፣ ስምን በየግድግዳው የመጻፍ ልማድ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያና በኒው ዮርክ ወጣቶች ዘንድ ተስፋፋ። በ1971 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ "ታኪ 183" እያለ ቅጽል ስሙንና የሠፈሩን መንገድ ቁጥር በየቦታው ስለሚጽፍ ልጅ ዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ጻፊው በረከተ። ከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡሮቿን ለማጽዳት ዓመታት ፈጅቶባት፣ የመጨረሻውን የተቀባ ባቡር ከመስመር ያወጣችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ፊላደልፊያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1984 እ.ኤ.አ. ግራፊቲን ለመከላከል ባቋቋመችው ፕሮግራም ሠዓሊዋን ጄን ጎልደንን ቀጠረች፤ እሷም ስም ጻፊዎቹን ልጆች ሰብስባ በፈቃድ ግድግዳ ማሣል ጀመረች። ዛሬ ከተማዋ በሺዎች በሚቆጠሩ የግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች። ሕጉም ተከተለ። ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ "ፋይቭ ፖይንትዝ" በሚባለው ሕንፃ ላይ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ ያሣላቸውን ሥዕሎች በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም ቀብቶ አጠፋቸው። ፍርድ ቤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት።

በእኛ አገር የግድግዳ ሥዕል ከጥንትም የተከበረ ነው። እዚሁ ላስታ፣ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሥዕሎች የ13ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ንጉሡ ይኩኖ አምላክም እዚያ ተሥሎ ይታያል። የመንገዱ ግድግዳ ግን ለረጅም ጊዜ የሌላ ሰው ነበር፦ በደርግ ዘመን የመፈክር፣ ኋላ የኤችአይቪ መልእክት፣ ቀጥሎ የስልክና የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ። የሠፈሩ ሰው ራሱ መክሮና መርጦ ያሣለው ሥዕል በመንገዱ ላይ መታየቱ ነው አዲሱ ነገር። በደስታ የምንቀበለውም ለዚህ ነው።

በነሐሴ ቀባን፣ በጥር ረገፈ

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ 20 ሜትር በሚሆን የግንብ አጥር ላይ ሥዕል ሣለ። ልስኑ አዲስ ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጀምረን መስከረም ሳይጠባ ጨረስን። ጥር ላይ ከታች በኩል ነጭ ዱቄት አወጣ፤ ቀለሙም እንደ ቆዳ ይላጣል። ውድ የሚባለውን ቀለም ነበር የገዛነው። (የክበቡ አስተባባሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ቀለሙ ጥፋት የለበትም። እንደ ገለጻችሁት ሦስት ነገር ተደራርቧል፦ ልስኑ ሳይደርቅ ተቀባ፣ ወቅቱ አልነበረም፣ ግድግዳውም ከጀርባው ውሃ ይጠጣል።

ከሦስተኛው እንጀምር፤ እሱ ካልተፈታ የሌላው ድካም ከንቱ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ብዙ የግንብ አጥር ከጀርባው አፈር ደግፎ ነው የሚቆመው። የክረምቱ ውሃ በአፈሩ ሰርጎ በግንቡ በኩል ሲወጣ የአፈሩንና የሲሚንቶውን ጨው ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ከቀለሙ ሥር ይከማችና ቀለሙን ከግድግዳው ይነቅለዋል። ያያችሁት ነጭ ዱቄት ይህ ጨው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዞራችሁ የግድግዳውን ጀርባ እዩ። አፈር ተቆልሎበት ከሆነና ማንሳት ከተቻለ አንሱት። ካልተቻለ ግንበኛ ጠርታችሁ ከግርጌው ከፍ ብሎ በየ2 ሜትሩ ውሃ የሚያወጣ ቱቦ አስገቡ፤ በአናቱ በኩልም ዝናቡን የሚያሻግር ክዳን ይሠራለት። አሸንዳ የሚያፈስበት ቦታ ካለም ይጠገን። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ግድግዳ ከሆነ ሌላ ግድግዳ ፈልጉ። ጥሩ ሥዕል በእንዲህ ያለ ግንብ ላይ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

ግድግዳው መድረቁን በዓይን አትለኩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጡና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጋችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት። በውስጥ በኩል ላብ ከያዘ ወይም ልስኑ ከጠቆረ ግድግዳው ገና ርጥብ ነው። ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ቦታ ሞክሩት፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከታች ነው።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፤ በደሴ ጉምና ብርድ 6 ሳምንት ብትሰጡት ይሻላል። ከእርጥበቱ ሌላ ምክንያት አለው። ትኩስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ የቀለሙን ማጣበቂያ ያበላሻል፤ አንዳንዱን ሰማያዊና ቢጫም ያነጣል።

አሁን የተላጠውን እንዲህ አድርጉት። የላላውን ሁሉ በስፓቱላ ፍቁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ በአካፋ አንስታችሁ ጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ውሃ ይደፋበታል፤ ጨው በውሃ ሟሙቶ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው በጋ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱና እዩት፤ ዱቄቱ ካገረሸ ውሃው አልቆመም ማለት ነው። ካላገረሸ አልካሊ የሚችል የውጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ) አንድ እጅ፣ ከዚያ የውጭ ቀለም ሁለት እጅ ቀቡ፤ በእጅና በእጅ መካከል በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። ከመሬት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ዞኮሎ አስመስላችሁ ጥቁር ቡናማ ወይም ግራጫ አድርጉት፤ የዝናብ ፍንጣሪና ጭቃ እዚያ ያርፋል፣ ሥዕሉን አይነካም።

ወቅቱ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ ይሁን። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ በወሎ በልግን ረስቶ የሥራ ቀን መያዝ አይቻልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ብርዱ አለ። የውሃ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ጤዛው ከተነሣ በኋላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ብሩሻችሁን እጠቡ። የማታው ጤዛ ያልደረቀ ቀለም ላይ ካረፈ እንባ መሰል መስመር ያወርዳል።

ስለ ቀለም ምርጫ አንድ ነገር እንጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ቶሎ የሚጠፉት ደማቅ ቀይ፣ ሮዝና ሐምራዊ ናቸው። የሸክላ ቀይ፣ የአፈር ቢጫ፣ ቡናማና ጥቁር ከብረት ኦክሳይድ ስለሚሠሩ ይቆያሉ። ነጩን በከለራንት (በፈሳሽ ማቅለሚያ) ስታቀልሙ በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊ ሊትር አትለፉ። ደማቅ እንዲሆን ብላችሁ ከዚያ በላይ ካፈሰሳችሁ ቀለሙ ሲነካ እጅ ላይ ይቀራል።

የቆርቆሮ አጥር ላይ ለምን አይይዝልኝም?

ጥያቄ፦ ለሱቆችና ለጸጉር ቤቶች ጽሑፍና ሥዕል እሠራለሁ። በአዲስ ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የሠራሁት በዓመቱ እንደ ወረቀት ይነሣል። አሮጌው ላይ ግን ይቆያል። (ሠዓሊ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ትክክል አስተውለሻል፣ እህታችን። አዲስ ቆርቆሮ ላዩ ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ከዘይት ቀለሙ ጋር ተዋህዶ ከሥሩ ሳሙና መሰል ስስ ነገር ይፈጥራል፣ ቀለሙም መያዣ ያጣል። አሮጌው ላይ የሚቆየው ዚንኩ በዝናብና በፀሐይ ስለደበዘዘና ስለሻከረ ነው።

ደንበኛሽ መጠበቅ ከቻለ ቆርቆሮው አንድ ክረምት ይመታ። ካልቻለ ከፋብሪካ የመጣበትን ቅባት በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቢ፣ በደንብ አለቅልቂ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አቧራውን ጥረጊ። ከዚያ "ለጋልቫናይዝድ" የሚል የተጻፈበት ፕራይመር ቀቢ። ተራው አንቲረስት ለጥቁር ብረት የተሠራ ነው፤ የዘይት ስለሆነ እሱም ራሱ ይላጣል። ከፕራይመሩ በላይ የዘይት ቀለምሽን እንደ ልማድሽ መጠቀም ትችያለሽ። የኮምቦልቻ ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም፤ በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ ስለሚቀር ይኮማተራል። ጠዋት፣ ጥላ ባለበት በኩል ሥሪ።

የግዕዝ ፊደል በስቴንስል

ጥያቄ፦ በከተማችን መንገዶች ዳር "ቆሻሻ እዚህ አይጣልም" እና የመሳሰለውን በስቴንስል (ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት ካርቶን) መጻፍ ፈልገን ነበር። ካርቶን ስንቆርጥ የፊደሉ ሆድ ይወድቃል፤ ስንረጭም ከሥር ይሮጣል። (የወጣቶች ማኅበር፣ ወልዲያ)

መልስ፦ የላቲን ፊደል ስቴንስል አሠራርን እንዳለ ወስዶ በእኛ ፊደል ላይ መሥራት አይቻልም፤ የእኛ ዝግ ክበብ የበዛበት ነው። ዐ፣ ወ፣ መ፣ ቀ፣ ፀ ሆድ አላቸው። ከዚያም በላይ ኃምሱ ቀለበት ያወጣል፦ በ"ቤ" እና በ"ሌ" እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት መሐሏ ከወደቀች ነጠብጣብ ትሆናለች፣ አንባቢም ይሳሳታል። "መ"ን ስትቆርጡ ሁለቱም ሆድ እያንዳንዱ ሁለት ድልድይ (ሆዱን ከውጪው ጋር የሚያያይዝ፣ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ክፍል) ይፈልጋል፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጉ፤ በአንድ ድልድይ የተንጠለጠለ ሆድ ሲረጭበት ይገለበጣል። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፊደል ድልድዩ 5 ሚሊ ሜትር፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ፊደል ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የኃምስ ቀለበትን ከፊደሉ ሲሶ ድረስ አተልቁት፤ በእጅ ጽሑፍ ከለመዳችሁት ይበልጣል፣ በግድግዳ ላይ ግን የሚነበበው ያ ነው።

ካርቶን ከሦስት አራት ርጭት በኋላ ይረጥብና ያብጣል። ያገለገለ የራጅ ፊልም ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ክላሰር ሽፋን ይሻላል። ከሥር የሚሮጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ ስቴንስሉ ከግድግዳው አልተጣበቀም፣ ወይም ቀለሙ በዝቷል። ጀርባውን በሚነሣ ማጣበቂያ ስፕሬይ በስሱ ንፉ፤ ከሌለ ሁለት ሰው ጠርዙን በስፓቱላ ይያዝ። ስፕሬዩን አንድ ሁለት ደቂቃ አራግፉ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እጃችሁን ሳታቆሙ ሦስት ስስ እጅ ንፉ። በሻካራ ልስን ላይ ስፕሬይ ከማባከን በስፖንጅ መምታት ይሻላል፤ ስፖንጁን ቀለም ካስነካችሁ በኋላ ካርቶን ላይ አራግፉና ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ፣ አትጥረጉ።

ከ10 ሜትር ለሚያነብ እግረኛ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከባጃጅና ከሚኒባስ ለሚያነብ 30 ሳንቲ ሜትር ፊደል አድርጉ። መልእክቱንም አሳጥሩት፤ ከአራት ቃል በላይ የሆነውን በመኪና የሚያልፍ ሰው አይጨርሰውም።

የአቧራ ጭምብል የስፕሬይን ጢስ አያቆምም። ከዘወትር ሥራ በፊት የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ (ማጣሪያ) ያለው ጭምብል ግዙ፤ በዝግ ቦታም አትንፉ።

ከጦርነቱ የቀረ ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰልና በማርከር ብዙ ተጽፎበታል፤ የጥይት ቀዳዳም አለ። ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም ቀባንበት፤ ማርከሩ እያሳበረ ይወጣል። አሁን ሥዕል ልንሥልበት አስበናል። (መምህር፣ ደቡብ ወሎ)

መልስ፦ መምህር፣ ከመቀባትዎ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ ያንሱ፤ የክፍሉን ስምና ቀኑን ይመዝግቡ። ከተቀባ በኋላ የሚገኝ ማስረጃ የለም፤ አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው ይኖራል። ከግድግዳው ውስጥ ወይም ከሥሩ ያልፈነዳ የሚመስል ነገር ካዩ ማንም አይንካው፤ ልጆቹን አርቀው ለፖሊስ ያሳውቁ።

ማርከሩ የሚወጣው ቀለሙ የውሃ ቀለምን አልፎ ስለሚሄድ ነው፤ አሥር እጅ ቢቀባም ይወጣል። የዘይት ፕራይመር ወይም ሼላክ የሚባለውን ቫርኒሽ ጽሑፉ ባለበት ብቻ፣ ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር አሳልፈው ይቀቡ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በትንሽ ቦታ ላይ የውሃ ቀለም ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካልወጣ ይቀጥሉ። ከሰሉን ግን በውሃ አይንኩት፣ ይዘረጋል። በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፣ የቀረውን በዘይት ፕራይመር ይሸፍኑ።

ቀዳዳውን ከመድፈንዎ በፊት ዙሪያውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርጉ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ለቋል፤ ጽኑ እስኪያገኙ ይቁረጡት። አቧራውን ጠርገው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ያቡኩና በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ያልወፈረ ይሙሉ፤ ጥልቅ ከሆነ በማግሥቱ ይደግሙታል። ሦስት ቀን ውሃ ያጠጡት። ቀዳዳው ኮለን (የሕንፃው ተሸካሚ ምሰሶ) ላይ ከሆነ ወይም ብረት ከታየ መሐንዲስ ሳያይ አይደፈን።

ምን ይሣል ለሚለው፣ ተማሪዎቹንና ወላጆችን ይጠይቁ። የእኛ ሐሳብ የጦርነት ምስል በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ ነው፤ በዚያ ክፍል በየቀኑ የሚማር ልጅ ያየውን ዳግም ማየት የለበትም። የፊደል ገበታ፣ የአገር ካርታ፣ የሰውነት ክፍሎች፣ የአካባቢው ወፎችና ዛፎች ለትምህርትም ይሆናሉ።

አራቱን ቅኝት በአንድ ግድግዳ

ጥያቄ፦ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚያሳይ 12 ሜትር በ3 ሜትር ሥዕል ልንሠራ ነው። ግድግዳው የግል ነው፣ ፊት ለፊቱ መስጊድ አለ። አንድ ድርጅት ቀለሙን ልግዛ፣ አርማዬን አድርጉልኝ ብሏል። ስንት ቀለም ይበቃል? ማንን እናስፈቅድ? (የጥበብ ወዳጆች፣ ባቲ)

መልስ፦ ስፋቱ 36 ካሬ ሜትር ነው። በመጠነኛ ሻካራ ልስን ላይ አንድ ሊትር 7 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለፕራይመር 5 ሊትር ግድም፣ ለሁለት እጅ መደብ 10 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል፤ ለብክነት ጨምራችሁ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ፕራይመርና ሦስት ጋሎን መደብ ግዙ። ለሥዕሉ ከየዋናው ቀለም አንድ አንድ ሊትር፣ ነጭ ግን 4 ሊትር ይሁን፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ነጭ ነው። ንድፉን በወረቀት ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሉ፤ ግድግዳው ላይ በቱምቢና በጠመኔ በተቀባ ስፓጎ 50 ሳንቲ ሜትር ካሬ ምቱ። 24 በ6፣ 144 ካሬ ይሆናል። ካሬ በካሬ እያያችሁ አሳድጉት።

ማሲንቆውን ስትሥሉ ተጠንቀቁ፦ ጅማቱ አንድ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ፤ ድምፅ ሳጥኑ በማዕዘኑ የቆመ፣ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ መምቻውም ቅስት ነው። ባለ አራት ጅማት ማሲንቆ የሣለ ሰው በባቲ ሰው ፊት ያፍራል።

የግድግዳውን ባለቤት በጽሑፍ አስፈርሙ፦ መጠኑ፣ ንድፉ ተያይዞ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ቤቱ ቢሸጥ ወይም ቢታደስ ለማን እንደሚነገር። ከዚያ ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት። መስጊዱን ግን ከሁሉ በፊት፣ ንድፉ ገና በእርሳስ ሳለ ጠይቁ፤ ሽማግሌዎቹን ቡና ላይ አነጋግሩ። የሰው ምስል ከጸሎት ቦታ ፊት ለፊት መሆኑ ካልተወደደ መሣሪያዎቹን፣ የሰኞ ገበያውን፣ የጥለት ሐረጉን ብቻ መሣል ይቻላል፤ ሥዕሉ አያንስም። ተጠይቆ የተስማማ ሠፈር ሥዕሉን ራሱ ይጠብቀዋል።

አርማው ላይ አስቡበት። የድርጅት አርማ ያለበት ሥዕል የውጭ ማስታወቂያ ሊባል ይችላል፤ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መሠረት ሌላ ፈቃድና ክፍያ ይከተላል። ከታች በኩል ከሠዓሊዎቹ ስም ጎን በትንሽ ፊደል "ቀለሙን የለገሰው" ብላችሁ ብትጽፉ እንመርጣለን፤ እሱንም ቢሆን ማዘጋጃ ቤቱን አሳውቁ። ስማችሁን መጻፍ አትርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ይጠብቃል፤ የሠዓሊው ስም እንዲጠቀስም መብት ይሰጣል። ሥዕሉን ለማስታወቂያ ወይም ለፖስት ካርድ የመጠቀም መብት የማን እንደሆነ በውሉ ላይ ቁርጥ አድርጉ።

በቅርስ ላይ የተጫረ ስም

ጥያቄ፦ ጎብኚዎች በአለቱ ላይ ስማቸውን ቢጭሩ ወይም በማርከር ቢጽፉ በምን እናጥፋው? (አስጎብኚ፣ ላሊበላ)

መልስ፦ በምንም። የአብያተ ክርስቲያናቱ አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነው። የሽቦ ብሩሽ ከጽሑፉ ጋር የጥንቱን የመሮ አሻራ ይወስዳል፤ ቲነር ማርከሩን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ አሲድ አለቱን ይበላል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ያለ ፈቃድ ጥገና ማካሄድ አይቻልም። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደርና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን አስታውቁ። ትኩስ ማርከር ከደረቀ ማርከር ይልቅ ለባለሙያ ይቀለዋል፤ ስለዚህ አታሳድሩት።